ነጠላዬ ላይ የተሰጠ ትምህርት

አንድ ቦታ መቀመጥ አይሆንልኝም። ከዳባት ተነስቼ ደባርቅ መምህርት ልጄን ልጠይቅ ብሄድ፣ ስለ ደን ልትሠለጥን ስትወጣ አገኘኋትና ተከተልኳት። መምህራኑ ከቤተ ክርስቲያኑ ደን አጠገብ መስኩ ላይ ተሰብስበዋል። ሠልጣኞቹ በየተራ እርስ በርስ ያስተምራሉ፤ የዚያን ቀን ተራው የእሷ ነበርና፣ ለባልደረቦቿ ማስተማሩ አስጨንቋት መንገዱን ሁሉ ማስታወሻዋን ስታገላብጥ ነበር።

ደኑ ውስጥ ገብታ ለማስተማሪያ የሚሆናትን የረገፈ ቅጠል ከዛፎቹ ሥር በፌስታል ሞልታ ወደ መስኩ ልትወጣ ስትል ቄሱ በሩ ላይ ቆመዋል።

"ልጄ፣ ከዚህ ግቢ ቅጠል አይወጣም።"

ፌስታሉን መሬት አስቀመጠች። አሳዘነችኝና ነጠላዬን ዛፉ ሥር አነጠፍኩላት። "አባ፣ እዚሁ ብታስተምርስ?"

"እዚህማ ማን ከለከላት?"

መምህራኑ ጫማቸውን አውልቀው ገቡ። ቅጠሉ ሲዘረገፍ ትሉም ጥንዚዛውም ይተራመስ ጀመር። ቄሱ መቋሚያቸውን ተደግፈው ወደ አንዷ ትል ጎንበስ አሉ።

"ይቺስ ምን ትሠራለች?"

"ቅጠሉን በልታ አፈር ታደርገዋለች፣ አባታችን።"

"እንግዲያ የደብሩ አገልጋይ ናት በይኛ።"

ሁሉም ሳቀ፤ ልጄም ሳቀች። ከዚያ ወዲያ ማን ያስቁማት። እሳቸው ሲጠይቁ እሷ ስትመልስ ቀትር ሆነ።

ቅጠሉን ከቦታው መልሰን ስንነሳ "አባታችን፣ ተማሪዎቼንም ባመጣስ?" አለቻቸው።

"ይዘሻቸው ነይ። እኔም ጠይቄ አልጨረስኩ።"