ክፍተቷና የጠዋቱ ክኒን

በ2016 ዓ.ም. በጋ፣ ሁዳዴ ገብቶ የአዳማ ሙቀት ቆርቆሯችንን በሚያግልበት ሰሞን፣ ልጄ ከምትሠራበት የምርምር ቤት ለዕረፍት መጣች። ሥራዋ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሁለት የአንጎል ሴሎች የሚገናኙበትን ቦታ ፎቶ ማንሳት ነው። እግዚአብሔር ይመስገን፤ እኛን ፎቶ ለማንሳት ግን ጊዜ የላትም።

ባለቤቴ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ እግሩ ይተሳሰራል። ሐኪሙ ክኒኑን ጠዋት ጠዋት እንዲውጥ አዞታል። እሱ ግን በጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃም አይቀምስም። በዚያ ሳምንት ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ ወደቀ፤ አጥንቱን እመቤታችን አተረፈችለት።

"እማዬ፣ ሁለተኛ ከወደቀ አይነሳም" አለችኝ ልጄ።

ፎቶዋን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችለት። ግራጫ በግራጫ ነው።

"የወለንጪቲ አቧራ ነው?" አላት።

"አባዬ፣ ስማኝ እንጂ። ይቺ በሁለቱ ሴሎች መሃል ያለች ቀጭን ክፍተት ናት። መልእክቱ በእነዚህ ከረጢቶች ተጭኖ መጥቶ እዚህ ይራገፋል። ማዶ ያሉት ተቀባዮች ደግሞ ልክ በማራገፊያው ትይዩ ተሰልፈዋል። አንተ ጋ ጭነቱ አንሷል፤ ክኒኑ የሚሞላው እሱን ነው።"

በመናኸሪያችን ሰው ተሰልፎ አያውቅም፤ በባለቤቴ ጭንቅላት ውስጥ ግን ሰልፍ አለ። ተመስገን።

"ሲራገፍ አይተሻል?"

"እሱማ... ለማየት ሴሉ መጀመሪያ በቅዝቃዜ ቀጥ ብሎ እንዲቆም መደረግ አለበት።"

"የቆመ መኪና አይተሽ ስለ ጉዞ ታወሪኛለሽ!"

"ካንተ የባሰ የቆመ ከየት ታምጣ?" አልኩት።

ማምሻውን የንስሐ አባታችን መጡ። ልጄ ፎቶዋን አንስታ ልትጀምር ስትል ቀደምኳት።

"አባ፣ በጾም ጠዋት ክኒን ይዋጣል?"

"ሐኪም ካዘዘ ይዋጣል እንጂ! እኔ የግፊቴን ክኒን መቼ የምውጥ መስሏችኋል?"

ባለቤቴ አፉን ከፈተ። "እርስዎ? በሁዳዴ?"

"ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?"

"የሚሉኝን አውቀዋለሁ ብዬ ነው..."

"እንግዲያው አንተው ናዝዘኝ!"

ያን ሁሉ ዓመት የተማረች ልጄ ፎቶዋን ጠቀለለች።

በማግስቱ ጠዋት አቡነ ዘበሰማያት ደግሜ ክኒኑን ከአንድ ብርጭቆ ውሃ ጋር ሰጠሁት። አጉረመረመ፤ ዋጠ። እግሩ እስኪፍታታ ጠበቅሁ። ከዚያ ነጠላዬን አጣፍቼ ክንዱን ያዝኩና፣ የወደቀበትን ደጃፍ አብረን ተሻግረን ገባን።