በትሮሊው መንገድ፣ መርዶ ይዘን

ባለፈው ቅዳሜ ዴንቨር ካለው ሰፈራችን ከሞንትቤሎ የተነሳሁት መርዶ ለማርዳት ነው። ታላቅ ወንድሜ ሳሙኤል ከሞተ ያን ቀን ሦስት ሳምንት ሆኖት ነበር። ልቡ ነው፤ በድንገት። ስለዚያ ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም። ዘመድ ሁሉ ሰምቷል። የቀሩት አንድ ሰው ብቻ ነበሩ፤ አውሮራ የሚኖሩ ሚስተር ዋልተር የሚባሉ አሜሪካዊ ሽማግሌ።

ሳሙኤል በኮልፋክስ ጎዳና የከተማ አውቶቡስ ይነዳ ነበር። ሽማግሌው አንድ ቀን ተሳፍረው፣ "አንተ የምትነዳው በአባቴ ሐዲድ ላይ ነው" አሉት። ድሮ፣ አውሮራ ገና ትንሽ ከተማ ሳለች፣ ከዴንቨር እስከዚያ ትሮሊ ይመላለስ ነበር፤ ከላይ ከተዘረጋ ሽቦ ኤሌክትሪክ እየወሰደ በሐዲድ የሚሄድ። ነጂው አባታቸው ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ሳሙኤል ቅዳሜ ቅዳሜ ቤታቸው እየሄደ ታሪኩን በደብተር ይጽፍ ጀመር።

መርዶ በስልክ አይሆንም። ለብቻም አይኬድም። ጎረቤታችንን ጋሽ ኑሩን ለመንኳቸው።

ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ሞንትቤሎ

ጋሽ ኑሩ የኤርፖርት ታክሲ ነጂ ናቸው። መኪናቸውን አስነስተው ጠበቁኝ።

"በባስ ብንሄድስ?" አልኳቸው።

"አንተ ናቲ፣ ይሄን ሁሉ ዓመት ታክሲ የነዳሁት በባስ ለመሄድ ነው?"

ትሮሊው ይነሳበት ከነበረው ከመሃል ዴንቨር ጀምሬ መስመሩን ማየት እፈልጋለሁ አልኩ። እውነቱን ለመናገር፣ መንገዱ እንዲረዝምልኝም ፈልጌ ነበር። አዩኝና ሞተሩን አጠፉ።

ሦስት ሰዓት ተኩል፣ መሃል ዴንቨር

ዳውንታውን ከባስ ወርደን ሙዝና ዳቦ በስምንት ዶላር ገዛን። ሰው ቤት በባዶ እጅ አይገባም። ከዚያ ወደ ምሥራቅ የሚሄደውን ባስ ያዝን። በረዶ የለበሱት ተራሮች ከኋላችን ቀሩ። ኮልፋክስ ቀጥ ያለ ነው፤ ሞቴል፣ ጎማ ቤት፣ የእኛ ሰዎች ምግብ ቤት፣ ደግሞ ሞቴል። ሐዲድ የለም። አስፋልቱ በተቆፈረበት አንድ ቦታ የዛገ ብረት አየሁ። ሐዲዱ ይሁን የውሃ ቧንቧ አላወቅኩም።

"ፍሬን አያያዙን እይልኝ!" አሉ ጋሽ ኑሩ ሾፌሩን እያሙ። "ሳሚ ሲነዳ እንቁላል ይዘህ ብትቆም አይሰበርብህም።"

ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞሩ።

አምስት ሰዓት ሊሆን ሲል፣ አውሮራ

የሚስተር ዋልተር ቤት ከኮልፋክስ ገባ ብሎ ያለ ትንሽ የጡብ ቤት ነው። ዓይናቸው ደክሟል። በሩን ከፍተው ሰላምታዬን ሲሰሙ ፊታቸው በራ።

"ሳሙኤል! ሦስት ቅዳሜ ጠፋህ!"

ድምፃችን ይመሳሰላል። አይደለሁም ልል ነበር፤ አፌ እምቢ አለኝ። ጋሽ ኑሩ በአማርኛ፣ "ቆይ፣ መጀመሪያ ይቅመሱ" አሉኝ። ራሳቸውን የሳሙኤል ጎረቤት ነኝ ብለው አስተዋወቁና ዳቦውን ቆረሱላቸው።

ሽማግሌው እየበሉ ካቆሙበት ቀጠሉ። በመስመሩ መጨረሻ መዞሪያ አልነበረም አሉ። አባታቸው የመንጃውን እጀታ ነቅለው ይዘው ወደ ሌላኛው ጫፍ ይሄዳሉ፤ የኋላው ፊት ይሆናል። እሳቸው ልጅ ስለነበሩ የመቀመጫዎቹን መደገፊያ አንድ በአንድ እየገፉ ወደ ዴንቨር ያዞራሉ። በኋላ አውቶቡስ መጣ። ሽቦው ወረደ፣ ሐዲዱ ላይ አስፋልት ፈሰሰ። አባታቸውም በዚያው ጎዳና አውቶቡስ ነዱ።

"መሪ መያዝ ግን አልወደደም። 'ሐዲድ ላይ ሳለሁ መንገዱን የሚያውቀው መንገዱ ነበር' ይል ነበር።"

ድንገት አቆሙ።

"ሳሙኤል፣ እስክሪብቶህ አይሰማኝም። አትጽፍም እንዴ?"

ጋሽ ኑሩ ጉልበቴን ያዙኝ።

"እኔ ሳሙኤል አይደለሁም" አልኩ። "ታናሽ ወንድሙ ነኝ። ሳሙኤል... ሞቷል። ሦስት ሳምንቱ ነው።"

ሽማግሌው ዳቦውን አስቀመጡ። "ታዲያ ለምን ይህን ሁሉ አስወራችሁኝ?"

"ጥፋቱ የእኔ ነው" አሉ ጋሽ ኑሩ። "እኛ ዘንድ ሰው በባዶ ሆዱ መርዶ አይነገረውም።"

"እኔኮ ለእሱ ነበር የማወራው!" አሉ ሽማግሌው። ተቆጥተው ነበር። ከዚያ ቁጣው አለቀና አለቀሱ፤ እኔም አለቀስኩ። ቆይተው፣ "አሁን ምን ታደርጋላችሁ?" ብለው ጠየቁ።

"እንቀመጣለን" አሉ ጋሽ ኑሩ።

እስከ ስምንት ሰዓት ተቀመጥን።

አሥር ሰዓት፣ ቤት

ስንመለስ በባሱ ውስጥ ያሰብኩት ይህን ነው። በእነዚህ ሳምንታት "ሞቷል" የሚለውን ሌሎች ይሉልኝ ነበር፤ እኔ እሰማ ነበር። ዛሬ በራሴ አፍ አልኩት። ሐዘኑ አልቀለለም። ግን ሐዘኑ የእኛ ቤት ብቻ እንዳልሆነ አየሁ።

እናቴ ሳሎን ፍራሹ ላይ ነበረች።

"አረዳችኋቸው?"

"አዎ።"

"አለቀሱ?"

"በጣም።"

"ጎረቤት አላቸው?"

"ማንንም አላየሁም።"

"ታዲያ ነገ ምሳ ማን ያመጣላቸዋል?" አለች።

ሳሙኤል ከሞተ ጀምሮ ምግብ የሚመጣልን ከሰው ቤት ነበር። እናቴ ግድግዳውን ተደግፋ ተነሳች፣ ኩሽና ገባች፣ ሽንኩርት መላጥ ጀመረች።