ከኦርጋኑ የወጣው እልልታ

ኦርጋኑን ጉምሩክ ከጅቡቲ ባቡር ላይ ወርሶ ለቀበሌያችን የኪነት ቡድን ሰጠው። በብብት የሚያዝ፣ በባትሪ የሚሠራ፣ ሲያዩት የልጅ መጫወቻ የሚመስል ነገር ነበር። ግን ትንሽ ማይክሮፎን ነበረችው። አንድ ማብሪያ ተጭነው ቢያስነጥሱበት ማስነጠሱን ይይዝና በቁልፎቹ ሁሉ ላይ ያሰማል፤ በግራ በኩል የሽማግሌ፣ በቀኝ በኩል የሕፃን ማስነጠስ ሆኖ ይወጣል። የሚይዘው ድምፅ በጣም አጭር ነው። ሲያጠፉትም የያዘውን ይረሳል። ያኔ ድሬ ዳዋ ላይ ዲጂታል ሲባል የምናውቀው የእጅ ሰዓት ብቻ ነበር።

ስለ ቡድኑ ለጋዜጣ ልጽፍ አዳራሻቸው የሄድኩት የከተማው ኮሚቴ በሚገመግማቸው ዕለት ጠዋት ነው። ከበሮ መቺውና ጊታሪስቱ ለብሔራዊ ውትድርና ሄደዋል። የቀሩት ሁለት ድምፃውያንና አንዲት ኦርጋን ተጫዋች ነበሩ። ኮሚቴው ‹‹ይህ ቡድን አይባልም›› ካለ ቡድኑ ይፈርሳል፣ ኦርጋኑም መጋዘን ይገባል። ይህን የነገረኝ የቀበሌው የባህል ኃላፊ ነው፤ ያለ ክፋት፣ የስብሰባ ሰዓት እንደሚያስታውቅ ሰው።

ተጫዋቿ የሳቢያን ሰፈር ልጅ ናት፤ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በፈረቃ ትሠራለች። ‹‹በሦስት ሰው ምን ልታሰሙ ነው?›› ብዬ ጠየቅኋት።

‹‹ሙሉ ባንድ›› አለችና ጀመረች። ከበሮውን ማሽኑ ራሱ መታላት። በግራ እጇ ቁልፎቹ ላይ የቤዝ ጊታሩን ድርሻ ያዘች። ከዚያ በቀኝ እጇ አንድ ቁልፍ ስትነካ የሴት ድምፅ ወጣ፤ አንዲት የሶማልኛ ቃል፣ ተከትሎም እልልታ። ያንኑ ድምፅ በሦስት ጣት ስትጫነው ሠርግ ቤት የገባሁ መሰለኝ። ለዓመታት የኪነት ቡድኖችን ስከታተል አንድ ሰው ብቻውን ይህን ሲያደርግ አላየሁም።

ኃላፊው እጅግ ደስ አለው። ‹‹እስቲ እኔም ልቀዳ፣ ሌላው ሳይጠፋ›› አለ። ማሽኑ ለሁለተኛ ድምፅም ቦታ ነበረው። ጠጋ ብሎ ‹‹ወደፊት!›› ሲል ጮኸ። እሷም ሳታስብ የቀኙን ዳር ቁልፍ ነካች። ‹‹ወደፊት›› እንደ ጫጩት ጢው ብላ ወጣች። ሁላችንም ወደ ኃላፊው አየን። በዚያ ዘመን በዚያ የአብዮት መፈክር አይሳቅም።

‹‹ይኼኛው ወደፊት ገና ጡት አልጣለም›› አለና ራሱ ሳቀ። ያን ጊዜ ሁላችንም ሳቅን።

ማስታወሻዬን አውጥቼ ‹‹የሴትየዋ ድምፅ የማን ነው?›› አልኳት። ማን እንዳለው ሳላውቅ ጽፌ አላውቅም።

‹‹የቀፊራዋ ኤዶ ናት። ትናንት ሠርግ ላይ ሴቶቹ ክፍል ቀድቻት ነው፤ ከዚያ ወዲህ አላጠፋሁትም።››

ኤዶ በሶማልኛ አክስት ማለት ነው፤ ቀፊራ ገበያ ጨርቅ የምትሸጠውን ሴት ግን አገሩ ሁሉ የሚጠራት እንዲሁ ነው። ሙሽራ ስትሸኝ የምትዘፍነው ሴቶች ብቻ ባሉበት ነው። ወንድ ብቅ ካለ ዝም ትላለች።

‹‹ታውቃለች?››

‹‹አቦ፣ ምን ብዬ ልንገራት? ሣጥን ውስጥ ከትቼሻለሁ ልበላት?›› ኦርጋኑን ወደ ራሷ ሳበች። ‹‹ከግምገማው በኋላ ብነግራትስ?››

‹‹ኮሚቴው ውስጥ ስንት ወንድ አለ?›› ብዬ ጠየቅኳት።

ኦርጋኑን አቅፋ ተነሳች። ‹‹ና እንሂድ። ብቻዬን ካገኘችኝ ትገድለኛለች።››

ቀፊራ ስንደርስ የቀትር ሙቀት ገበያውን አስተኝቶታል። ኤዶ ከጎረቤት ነጋዴዎች ጋር ጥላ ስር ምንጣፍ ላይ ተጋድማ ነበር። ልጅቷ ያደረገችውንና የዛሬውን ግምገማ ተናገረችና ቁልፉን ነካች። ከዚያ በግራ በኩል ያለውን ስትነካ ድምፁ ጎረነነ።

‹‹ኤዶ፣ ወንድ ሆነሽ ቀረሽ!›› አለች አንዷ ጨርቅ ሻጭ። ድሬ ላይ አንቱታ እንደ ካፖርት ነው፤ ለሙቀቱ አይሆንም።

ኤዶ አልሳቀችም። ተነስታ ተቀመጠች። ‹‹ናያ፣ አንቺ ልጅ! ዕቃችንን ጉምሩክ ይወርሳል። ድምፃችንን ደግሞ ቀበሌ ሊወርስ?››

ልጅቷ እጇን ወደ ማጥፊያው ሰደደችና ጠቅ አደረገችው። ግምገማው ለዚያው ቀን አሥር ሰዓት እንደሆነ የማውቀው እኔ፣ ያጠፋችው ምን እንደሆነ ገባኝ።

‹‹ምን አደረግሽ?›› አለች ኤዶ።

‹‹አጠፋሁት። አሁን ውስጡ የለሽም።››

ኤዶ አላመነችም። አስከፈተችውና በራሷ ጣት ቁልፎቹን አንድ በአንድ ነካካች። የማሽኑ ጢን ጢን ብቻ ነበር። ወደ ልጅቷ ቀና ብላ ‹‹ታዲያ ዛሬ በምን ልትጫወቺ ነው?›› አለቻት።

‹‹እንጃ።››

ኤዶ ጣቷን ከቁልፉ አነሳችና ‹‹ስሚ›› አለች። ‹‹ቃሉ የሙሽሪት ነው፤ ከዚያ ቤት አይወጣም። ማሽሐረዱ ግን›› — እልልታውን ማለቷ ነው — ‹‹እሱ አጥር ዘሎ ባቡር ጣቢያ ድረስ ይሄዳል። ሠርግ መኖሩን አገር እንዲያውቅ ነዋ የሚባለው! እሱን ውሰጂ። እኔን ብቻ ግን አይደለም፤ ሁላችንንም ውሰጂ። ተነሱ እናንተ!››

ሴቶቹ ከምንጣፉ ተነሱ። የመጀመሪያው ቅጂ የጋሪ ነጂ ‹‹ዞር በሉ!›› ገብቶበት ተበላሸ፤ አንዷ ነጋዴ እስክትረግመው ድረስ ኦርጋኑ ዞር በሉ፣ ዞር በሉ እያለ አሳቀን። ሁለተኛው ግን አጥር የሚዘል ሆነ። ልጅቷ ኦርጋኑን ሳታጠፋ፣ እንደ አራስ ልጅ ታቅፋ ወደ አዳራሹ ተመለሰች።

አሥር ሰዓት ላይ ኮሚቴው የፊቱን አግዳሚ ይዟል። የቀፊራ ሴቶች ሱቃቸውን ዘግተው መጥተው በስተኋላ ተደርድረው ቆመዋል። ዘፈኑ ሲጋመስ ልጅቷ እልልታውን ለቀቀችው። ከዝቅተኛው ቁልፍ ጀምራ በሁለት እጇ እያነባበረች ወደ ላይ ስታወጣው አንድ ገበያ ሙሉ ሴት ከመድረኩ ላይ እልል ያለ መሰለ። ከኋላ ደግሞ እነሱው፣ የድምፁ ባለቤቶች፣ መለሱለት። የኮሚቴው ሰዎች ወደ ኋላ ዞሩ፣ ወደ ኦርጋኑ ዞሩ። የቱ ከየት እንደመጣ የለየ አልነበረም። እኔም ሴቶቹ አጠገብ ቆሜ አልለየሁትም።

ሰብሳቢው ጭብጨባው እስኪበርድ ጠብቆ ‹‹ይህ ቡድን ስንት ሰው ነው?›› አለ።

የባህል ኃላፊው ብድግ አለ። ‹‹ሦስት›› አለ፤ ወደ ኋላ ተመለከተና ‹‹እና ቀፊራ›› ብሎ ጨመረ።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሰብሳቢው እየሳቀ እስክሪብቶውን ከደነ። ‹‹እንግዲያ ይቀጥሉ። ኦርጋኑም እዚሁ ይቆይ።››

በሩ ላይ ኤዶ ልጅቷን ክንዷን ይዛ አቆመቻት። ምስጋና የምትቀበል መስላኝ ነበር።

‹‹የመጨረሻው ላይ ቀጠነብሽ›› አለቻት። ‹‹ወላሂ፣ በእኔ ስም የቀጠነ እልልታ አይወጣም። ነገ ቀትር ላይ ነይና እንደገና እንቅዳው።››

‹‹እሺ ኤዶ፣ እመጣለሁ›› አለች ልጅቷ።