ዕድሩ ደንቡን የቀየረበት እሑድ

ቅዳሜ ጠዋት ጎንደር ካለው ሰፈሬ ከቁስቋም በባጃጅ ወደ መናኸሪያ ስወርድ ሐሳቤ አንድ ብቻ ነበር፤ አጎቴን አያ ሞላን ይዤ መመለስ። ሰማንያ ሊሞላቸው ነው። ሚስታቸው ሞተዋል፣ ልጆቻቸው አዲስ አበባና ባሕር ዳር ገብተዋል። እሳቸው ከዳባት በላይ ባለ መንደር ብቻቸውን ይኖራሉ።

ሦስት ሰዓት ላይ ሚኒባሱ ሞልቶ ተነሣን። አምባ ጊዮርጊስ ገበያተኛ ለማውረድ ሲቆም ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ ገዝቼ በላሁ። ከዚያ ወዲያ መስኮት መዝጋት ግድ ሆነ፤ የደጋው ብርድ በግንቦትም አይለቅም። ከዳባት እስከ መንደሩ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ነው። ግራና ቀኝ ካለው ማሳ ግማሹ ታርሷል፣ ግማሹን አረም ውጦታል። ያልታረሰው የማን እንደሆነ አንዲት መንገደኛ ጠየቅኋት።

"የሽማግሌዎቹ ነው። ጉልበት የለ፣ በሬ የለ" አለችኝ።

አያ ሞላን ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ጉልበታቸውን ስሜ የመጣሁበትን ነገርኳቸው።

"ቆይ እስቲ፤ ነገ ከቅዳሴ በኋላ የዕድር ስብሰባ አለን። ዳኛው እኔ ነኝ" አሉኝ።

እሑድ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ጥግ

ስብሰባውን ያስጠሩት ወይዘሮ ጥሩነሽ ናቸው። ባላቸውን ከቀበሩ ገና ወር አልሞላቸውም። በቀብሩ ዕለት ቃሬዛውን የተሸከሙት ሁሉም ሽማግሌዎች ነበሩ፤ ዳገቱ አቅቷቸው ሦስት ጊዜ መሬት ላይ አሳረፉት።

"አልወቅሳችሁም፤ ጉልበታችሁ አልቋል" አሉ ወይዘሮ ጥሩነሽ ቆመው። "ግን ምነው ይሄ ዕድር የሚያውቀን ስንሞት ብቻ ሆነ? ባሌ ታሞ ጤና ጣቢያ የሚያደርሰው ሰው አጥቻለሁ። መሬታችንን ለወጣቶቹ በየዓመቱ ከመስጠትና ከመንጠቅ፣ ለአምስት ዓመት በእኩል፣ ምርቱን ለሁለት እየተካፈልን እንስጣቸው። ውሉ ቀበሌ ይመዝገብ። መሬት ባይኖራቸውም የዕድሩ አባል ይሁኑ፣ ድምፅ ይኑራቸው፤ እነሱም የታመመ ይሸከሙ።"

አያ ሞላ ራሳቸውን ነቀነቁ። "መሬት አምስት ዓመት ሰው እጅ ከገባ ይመለሳል?"

ከኋላ ለመስማት የመጣ ግዛቸው የሚባል ወጣት ተነሣ። ባለፈው ዓመት ያገባ፣ የራሱ መሬት የሌለው ገበሬ ነው።

"አያ፣ ለአንድ ዓመት ብቻ ለማርሰው መሬት ፍግ አልጭንም፣ እርከን አልሠራም። ሚስቴ ነፍሰ ጡር ናት። ሐሙስ ለጉልበት ሥራ ወደ መተማ ልወርድ ነው። አምስት ዓመት ካላችሁኝ ግን አልሄድም።"

እውነቱን ልናገርና፣ ነገሩ እንዲፈርስ የተመኘሁባት ደቂቃ ነበረች። ከፈረሰ አጎቴ እሺ ብለው ይከተሉኛል ብዬ ነው። ወዲያው የወይዘሮ ጥሩነሽን ፊት አየሁና አፈርኩ።

"ቢያመኝ ትሸከመኛለህ?" አሉ አያ ሞላ።

"ዳባት አደርስዎታለሁ። ባያምዎም ጠዋት ጠዋት ደጅዎ ላይ አያጡኝም።"

አያ ሞላ "እንግዲያው በእኔ ጀምሩ" ብለው የዕድሩ ጸሐፊ ውሉን በጻፈበት ወረቀት ላይ በአውራ ጣታቸው ፈረሙ። ሁለት ሽማግሌዎች ተቆጥተው ሄዱ፤ የቀሩት ተከትለው ፈረሙ።

ቤት ስንመለስ "ታዲያ አብረን አንሄድም?" አልኳቸው።

"አንቺ ቤት ብመጣ እንግዳ ነኝ። እዚህ ሥራ አለኝ፤ ልጁን ወሰኑን ላሳየው፣ ውሃ የሚያቁረውን ቦታ ልንገረው እንጂ።"

ሰኞ

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጎንደር ገባሁ። ፒያሳ ሻይ እየጠጣሁ ለአጎቴ ልጆች ደውዬ የሆነውን ነገርኳቸው። እስከዚያ ቀን የአያ ሞላ እርጅና የእኛ የዘመዶቻቸው ጭንቀት ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለሽማግሌ ጎረቤትም፣ ደንብም፣ ለወጣቱ የሚተርፍ ጥቅምም እንደሚያስፈልግ ያስተማሩኝ ወይዘሮ ጥሩነሽ ናቸው።

በሚቀጥለው እሑድ በሰፈራችን ዕድር ስብሰባ ላይ እጄን አውጥቼ፣ "ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያን ስንት አሉን?" ብዬ ጠየቅሁ። የሚያውቅ አልነበረም። በማግስቱ ከሁለት ጎረቤቶቼ ጋር በር ማንኳኳት ጀመርን።