የእኔና የአማቴ ፑሌጃ

ሥራዬ ድሬ፣ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ የሸሚዝ ኮሌታ መመርመር ነው። ከተጣመመ እመልሰዋለሁ፣ ካልተጣመመ አሳልፈዋለሁ። ቀኑን ሙሉ በስፌት ማሽኖች መሃል ስለምውል ግን ቀስ በቀስ እኔም የማሽን ሰው የሆንኩ መሰለኝ። ማሽን ሲቆም የማደርገው የጥገና ሠራተኛ መጥራት ብቻ መሆኑን ረስቼዋለሁ።

አሮጌዋ መኪናዬ ጠዋት ስትነሳ መጮህ የጀመረችው በዚሁ ትዕቢቴ ላይ ሳለሁ ነው። ጩኸቷ ሰፈሩን ይቀሰቅሳል። ፊት ለፊታችን ሱቅ ያላት ሶማሌ ጎረቤታችን "ዋርያ፣ ምን አድርገሃት ነው እንዲህ የምታለቅሰው?" ትለኛለች። አንድ የሥራ ባልደረባዬ የሞተሩን ቺንጋ፣ ያንን የጎማ ቀበቶ፣ ሳሙና ቀባው ቢለኝ የልብስ ሳሙና ይዤ በደንብ አሸሁት። መኪናዋ ለአንድ ቀን ዝም አለች። በማግስቱ ጩኸቱ ሲመለስ ከኮፈኑ ሥር አረፋም አብሮት ወጣ። ጎረቤቴ ከሱቋ በር ላይ ሆና "አቦ፣ ውስጧን ደግሞ ታጥባታለህ እንዴ?" አለችኝ።

መካኒክ ዘንድ ወሰድኳት። ሰውየው ትንሽ አዳመጠና ጥፋቱ የቺንጋው ሳይሆን ቺንጋውን ወጥሮ የሚይዘው ፑሌጃ መሆኑን ነገረኝ። ፑሌጃው ቺንጋው የሚዞርበት ክብ ነገር ነው፤ የእኔው ውስጡ ሆኖ የሚያሽከረክረው ኩሽኔታ አልቋል። "ነገ አምጣትና እቀይርልሃለሁ" አለኝ። እኔ ግን በስልኬ ቪዲዮ አይቼ ነበር። ቪዲዮው ላይ ያለው ሰው እያንጎራጎረ ነው የሚቀይረው። አዲስ ፑሌጃ ገዛሁና ቅዳሜ ከሰዓት፣ የድሬ ሰው ሁሉ ጥላ ፈልጎ ጋደም ባለበት ሰዓት፣ ግቢያችን ውስጥ ኮፈኑን ከፈትኩ።

አማቴ፣ የባለቤቴ አባት፣ የደረሱብኝ ያኔ ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ምድር ባቡር ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ልጃቸውን ለባቡር ሰው ሊድሩ ሲያስቡ የኮሌታ መርማሪ ደረሳቸው። ካገባኋት ጀምሮ ከሰላምታ ያለፈ ነገር ተነጋግረን አናውቅም። ድሬ አንቱታ ብዙም አይወድም፤ እኔ ግን ፈርቻቸው ከአንቱ ወርጄ አላውቅም።

"እዚያ ውስጥ ምን ጠፍቶህ ነው?" አሉኝ።

"ፑሌጃ ልቀይር ነው፣ አባ።"

"አንተ?"

ሽርጣቸውን ከፍ አድርገው አሰሩና ከጎኔ ቆሙ። "እኔ ባቡር የሚጎትት ሞተር ፈትቼ የገጠምኩ ሰው ነኝ። ይቺ መጫወቻ ናት። ቺያቤውን አቀብለኝ።"

ቺንጋውን አወጣን። ብሎኑ አልፈታ ሲለን ሁለታችንም ቺያቤው ላይ ተንጠለጠልንበት፤ ሲለቀን እሳቸው በእኔ ላይ፣ እኔ በባትሪው ላይ ወደቅን። አሮጌው ፑሌጃ ወጣ፣ አዲሱ ገባ። ከዚያ ቺንጋውን ይዘን ተያየን። ሳናወጣው በፊት በየት በየት እንደሚያልፍ ያየ የለም።

"በላይ ነው የሚያልፈው" አሉ አማቴ።

"በሥር ነው የሚመስለኝ።"

ቪዲዮውን ከፈትኩት። የሌላ መኪና ነው። ስለዚህ ነገሩን በሽምግልና ጨረስነው፤ ግማሹን በእሳቸው፣ ግማሹን በእኔ መንገድ አዞርነው። ለሰው የሚሆን እርቅ ለሞተርም የሚሆን መስሎን ነበር። ሳስነሳት ጩኸቱ ጠፋ። አማቴ ትከሻዬን መታ አድርገው "አየህ!" አሉኝ። እጃቸው ትከሻዬ ላይ ሲያርፍ የመጀመሪያው ነው። ፑሌጃ የሚባል ነገር በየሳምንቱ ቢበላሽ ብዬ ተመኘሁ።

በማግስቱ ከከተማ ወጣ ብሎ ቢዮ አዋሌ በሚባል መንደር የአማቴ ዘመድ ሠርግ ነበረ። እሳቸው ከፊት፣ ባለቤቴ ከኋላ ሆነው ጉዞ ጀመርን። ዳገቱ ላይ የሙቀቱ መርፌ ሽቅብ መሄድ ጀመረ። አየሁት፣ ግን መንዳቴን ቀጠልኩ። በጎን ሳይ አማቴም መርፌውን አይተው ወደ መስኮቱ ዞረዋል።

"የሆነ ነገር ይሸታችኋል?" አለች ባለቤቴ።

"ምንም!" አልናት እኩል።

ወዲያው ኮፈኑ ከዳር እስከ ዳር እንፋሎት ተፋ።

ዳር ይዘን ስንቆም ፍየል የጫነ አይሱዙ መጣ። ሹፌሩ ውሃ ይዞ ወረደና ጎንበስ ብሎ አየ። "የዚህች መኪና ቺንጋ በየት እንደሚሄድ አላውቅም፤ እንዲህ ግን አይደለም። በዚህ አገጣጠም የውሃ ፓምፑ የሚዞረው እኮ ወደ ኋላ ነው። ማን ነው የገጠመው?"

እኔ መሬት መሬት አየሁ። አማቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉና "መካኒክ ነው" አሉ።

"ወላሂ፣ ሁለተኛ እሱ ጋ እንዳትሄዱ!"

"ምን ቆርጦን!" አሉ አማቴ።

ባለቤቴ እየሳቀች ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። እንባዋን ጠርጋ ስልኳን አወጣችና አንድ ፎቶ አሳየችን። ትናንት ገና ምንም ሳንፈታ ከጀርባችን ያነሳችው ነው። "ሁለታችሁ ስትነጋገሩ አይቼ ስለማላውቅ ለእማ ልልክላት ብዬ ነው" አለች። በሁለቱ ጎንበስ ባሉ ጭንቅላቶቻችን መሃል ቺንጋው እንደ ድሮው ተጠምጥሞ ይታያል። በጣቷ አሰፋችው። አማቴ እንዳሉትም፣ እኔ እንዳልኩትም አልነበረም።

ሞተሩ እስኪበርድ ጠበቅን። ከዚያ በሹፌሩ ቺያቤ እኛ እየገጠምን፣ እሷ ስልኳን ይዛ "አይደለም፣ የታችኛው! አባ፣ እጅህን አንሳ!" እያለች አዘዘችን። ከኋላችን ፍየሎቹ ይጮሃሉ። ውሃ ሞላንና መኪናዋ ተነሳች፤ መርፌውም አደብ ገዛ።

ሠርጉ ጋ ስንደርስ ኒካሁ ታስሮ አልቆ ሰው ሩዙ ላይ ነበር። እጃችንን በሳሙና ብንፈትግም ጥፍራችን እንደጠቆረ ወንዶቹ መሃል ተቀመጥን። አማቴ የመንገዱን ታሪክ ለአንዱ በኦሮምኛ፣ ለሌላው በሶማልኛ ማውራት ጀመሩ። ሁለቱንም ትንሽ ትንሽ እሰማለሁ። ቋንቋው በተለወጠ ቁጥር የእኔ ጥፋት እየበዛ፣ የእሳቸው እየቀነሰ ሄደ፤ በሶማልኛው ጭራሽ እሳቸው ግቢያችን ውስጥም አልነበሩም። ሰዎቹ እያዩኝ ሳቁ፣ እኔም ሳቅሁ። አማቴ ወሬያቸውን ሳያቋርጡ ከትሪው ላይ ትልቁን ሥጋ በጠቆረው ጣታቸው ወደ እኔ በኩል ገፉት።