እናቴ በሹክሹክታ የከረመችበት ጊዜ

እናቴ የመኪና አነዳድ አስተማሪ ናት። ተማሪዎቿ በሌለችበት «ጡሩምባ» ይሏታል፤ ፊት ለፊት ግን የሚደፍር የለም። ስሙም በከንቱ አልወጣላትም። ተማሪ ፍሬኑን ረስቶ ወደ አጥር ሲገሰግስ «ቁም!» ስትል፣ በዚያ መንገድ ላይ ያለ መኪና ሁሉ ይቆማል። አንዴ ትራፊክ ፖሊሱ ራሱ ደንግጦ ጥጉን ይዞ ቆመ ይባላል። እኔ አላየሁም፤ እሷ ግን አንድም ቀን አላስተባበለችም።

አባቴ ደግሞ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው የሚሠራው። ሥራው ሰውን ዝም ማሰኘት ነው፤ እሱንም ቢሆን በዓይኑ እንጂ በአፉ አያደርገውም። እነዚህ ሁለት ሰዎች እንዴት እንደተጋቡ ስጠይቅ፣ «እሷ ጠየቀችኝ፤ እኔ እምቢ ስል አልተሰማም» ይለኛል።

ነገሩ የጀመረው ከእናቴ አውራ ጣት ነው። ደነዘዘ። ቀጥሎ ከአንገቷ ተነስቶ በትከሻዋ በኩል እስከ ጣቷ ጫፍ እንደ ኤሌክትሪክ የሚነዝር ሕመም መጣ። ስንት ዘመን ሙሉ ተማሪ ወደ ኋላ በነዳ ቁጥር ከሱ ቀድማ ተጠማዛ የምታየው እሷ ነበረች። እሷ ግን ጥፋቱን ሁሉ በትራስ ላይ ጣለች። ወፍራም ትራስ ገዛች፣ ቀጭን ገዛች፣ መሐሉ ጎድጎድ ያለ ገዛች። ቤቱ በትራስ ተሞልቶ እኔና አባቴ የምንቀመጥበት ስናጣ፣ አባቴ «ሱቅ እንክፈት እንዴ?» አለ። ያ በዚያ ወር ከተናገራቸው ዓረፍተ ነገሮች ሁሉ ረጅሙ ነበር።

ከዚያ ዕቃ ከእጇ ይወድቅ ጀመር፤ ብርጭቆ፣ ቁልፍ፣ አንዴም የተማሪ መታወቂያ ሾርባ ውስጥ። አንገቷም እንደ ዛገ ማጠፊያ ደረቀ። አንድ ቀን ተማሪዋ «ከኋላ መኪና አለ?» ብሎ ቢጠይቃት፣ መዞር አቅቷት «መኪናውን አዙረውና ልየው» አለችው። ልጁ እውነት መስሎት መንገዱ መሐል አዞረው። የዚያን ዕለት ማታ ሐኪም ቤት ለመሄድ ተስማማች።

መድኃኒቱም፣ ፊዚዮቴራፒውም ለወራት ተሞከረ፤ ጠብ ያለ ነገር የለም። በመጨረሻ የአከርካሪ ሐኪሙ ዘንድ ገባን። ጠረጴዛው ላይ የፕላስቲክ የአንገት አጥንት ነበረው፤ እሱን እያገላበጠ አስረዳን።

«በነዚህ በሁለቱ አጥንቶች መሐል ያለው ዲስክ አብጦ ወጥቷል፤ ነርቩን የተጫነው እሱ ነው። መውጣት አለበት። ካወጣነው በኋላ ሁለት ምርጫ አለን። አንደኛው ሁለቱን አጥንቶች አጋጥሞ ማሰር ነው፤ ከጊዜ በኋላ አንድ አጥንት ይሆናሉ፤ እዚያ ቦታ ላይ መንቀሳቀስ ይቀራል። ሁለተኛው በወጣው ዲስክ ቦታ ሰው ሠራሽ ዲስክ ማስገባት ነው። እሱ ይንቀሳቀሳል። ለሁሉም ሰው አይሆንም፤ የእርስዎ መገጣጠሚያዎች ግን ጥሩ ናቸው።»

የእናቴ ዓይን በራ። «መለዋወጫ ነው በለኛ!»

«እንደዚያ ማለትም ይቻላል።»

«ኦሪጅናል ነው?»

ሐኪሙ መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ አባቴን አየ። አባቴ ወለሉን ያይ ነበር። «ኦሪጅናሉማ የተበላሸው ነው፤» አለ ሐኪሙ በመጨረሻ፣ «ይኼኛው ግን ጥሩ ነው።»

ወሬው የአባቴ ታላቅ ወንድም ዘንድ ለመድረስ ጊዜ አልፈጀበትም። አጎቴ ከዓመታት በፊት አንገታቸው ታስሯል፤ ከአንድም ሦስት ቦታ። ከዚያ ወዲህ በዘመድ ውስጥ አንገትን የሚመለከት ጉዳይ ሁሉ የሚያልፈው በእሳቸው በኩል ነው። ሲዞሩ ከእግር ጣታቸው ጀምሮ እንደ ቁም ሳጥን ነው የሚዞሩት። ሕመሙ ግን ጨርሶ ለቋቸዋል፤ ኩራታቸውም ከዚያ ነው።

«ማሰር ነው!» አሉ ገና ሳይቀመጡ። «እኔን እዩኝ! አንዴ ታሰረ፣ አለቀ። የሚነቃነቅ ነገር አንድ ቀን መላላቱ አይቀርም።»

«ወንድም ጋሼ፣» አለች እናቴ፣ «እርስዎ ትኬት መሸጫ መስኮት ውስጥ ነው የሚውሉት። ሰው የሚመጣብዎት ከፊት ነው። እኔ ላይ የሚመጣው ከኋላ ነው፤ ያውም መንጃ ፈቃድ የሌለው!»

አጎቴ ቅር ብሏቸው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ ለማዞር ተነስተው መቆም ነበረባቸው።

ቀዶ ጥገናው ተሳካ። ከሰመመን ስትነቃ መጀመሪያ ያደረገችው ነገር አውራ ጣቷን ማንቀሳቀስ ነበር። ያ የክንድ ሕመም ጠፍቷል። እንባዋ መጣ። ለእኛ ልትነግረን አፏን ስትከፍት ግን የወጣው ትንፋሽ ብቻ ነው፤ ጎማ ሲተነፍስ ዓይነት።

ሐኪሙ አረጋጋን። አንገቷ የተከፈተው ከፊት በኩል፣ ጉሮሮዋን ገለል አድርገው ስለሆነ ድምፅዋ ለጊዜው ይሰልላል፤ መዋጥም ያስቸግራታል፤ ቀስ በቀስ ይመለሳል።

«እስከ መቼ?» አለ አባቴ።

«ሳምንታት ሊወስድ ይችላል።»

 በአባቴ ከንፈር ጥግ ላይ አንድ ነገር ሲንቀሳቀስ አየሁ። ወዲያው አፍሮ ሮጦ ወጣና እናቴ ልትበላው የማትችለውን ያህል ሙዝ ገዝቶ ተመለሰ።

ቤት ስንገባ አንድ ነገር ተማርኩ፤ ሹክሹክታ ይጋባል። እሷ «ውሃ ስጪኝ» ብላ ስታንሾካሹክ፣ እኔም ደህናው ድምፄ እያለ «ለብ ያለ ነው ቀዝቃዛ?» ብዬ አንሾካሹካለሁ። የመብራት ቆጣሪ አንባቢው መጥቶ ቁጥሩን በጆሮዬ ነገረኝ። አጎቴ ስልክ ደውለው በሹክሹክታ «ዲስኩ አልላላም?» ይላሉ። አባቴ መጀመሪያ ሰሞን ገነት የገባ መስሎት ነበር። ከሰነበተ በኋላ ግን አንድ ቀን ማብሰያ ቤት ገብቶ፣ «ልጄ፣ ከሥራ ወጥቼ ሥራ የገባሁ እየመሰለኝ ነው» አለኝ።

ትልቁ ችግር ግን ድምፅዋ አልነበረም። ሐኪሙ «ከባድ ዕቃ እንዳያነሱ፣ እኔ እስክፈቅድ እንዳይነዱ፤ ግን በእግርዎ ይንሸራሸሩ፣ አንገትዎንም በቀስታ ያንቀሳቅሱ፤ ዲስኩ የተሠራው እንዲንቀሳቀስ ነው» ብሏታል። እናቴ ከዚህ ውስጥ የወደደችው እንዳያነሱ የሚለውን ብቻ ነው።

«ቢወድቅስ?» ትለኛለች በሹክሹክታ።

«የት ይወድቃል እማዬ?»

«ወደ ሆዴ ነዋ!»

አጎቴም አላረፉም። የራሳቸውን የድሮ የአንገት ድጋፍ እንደ ጌጥ በጨርቅ ጠቅልለው አመጡላት። ሐኪሙ አያስፈልግም ብሏል፤ እሷ ግን ዞር ስንልላት ትለብሰዋለች። ድጋፉ ኖረም አልኖረም፣ ቀኑን ሙሉ ወንበሯ ላይ ለፓስፖርት ፎቶ እንደተቀመጠ ሰው ፊቷን ቀጥ አድርጋ ትውላለች። ቴሌቪዥን ማየት ስትፈልግ ቴሌቪዥኑን ነው የምናዞረው።

ዘመዶች ሊጠይቋት የሚመጡበት ቅዳሜ ደረሰ። ወንበር ስላነሰን አባቴ ከየጎረቤቱ ይሰበስብ ጀመር። ፀሐዩ ዓይኗን ስለወጋት መጋረጃውን ዘግተነዋል። ከእኛ በታች ባለው ፎቅ አንዲት ጡረታ የወጡ የሒሳብ አስተማሪ አሉ፤ ሕንፃው በሙሉ «እትዬ ሒሳብ» ይላቸዋል፤ ነገር ደምሮ ውጤቱን ማወቅ ይወዳሉ። አባቴን ሁለት ወንበር ተሸክሞ ደረጃው ላይ አገኙት።

«እንዴት ሆነች ባለቤትህ?»

አባቴ ያው በለመደው ሹክሹክታ፣ «ብዙ ተሠቃየች እትዬ» አላቸው። «አሁን ግን አረፈች።»

እሱ ሕመሙ ለቀቃት ማለቱ ነው። እሳቸው ግን ወንበሩን፣ የተዘጋውን መጋረጃ፣ ሹክሹክታውንና የአባቴን ፊት ደመሩ። የአባቴ ፊት ደግሞ ደስ ብሎትም ሐዘንተኛ ነው። ወርደው ጥቁር ለብሰው መጡ።

እኔ ማብሰያ ቤት ድንች እየፈጨሁ ነበር፤ እናቴ ሌላ ነገር መዋጥ አልቻለችም። አባቴ ሌላ ወንበር ሊያመጣ ወርዷል፤ በሩ ክፍት ነው። እናቴ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ትልቁ ባለ ረጅም መደገፊያ ወንበር ላይ ተቀምጣለች፤ ከኋላ ለሚያይ ወንበሩ ባዶ ነው። ሳህኑን ይዤ ብቅ ስል እትዬ ሒሳብ «ወይኔ ልጄ! ወይኔ!» ብለው ጥምጥም አሉብኝ። ፊቴ ደረታቸው ላይ ተለጠፈ፤ ሳህኑ በመሐላችን ተጨመቀ፤ ልናገር ብል አፌ ጥቁር ሹራብ ነው የሚበላው።

«ምን ዓይነት ሴት ነበረች!» አሉ እያለቀሱ። «ሳቂታ፣ ደግ! እርግጥ ጩኸቷ እንቅልፍ አያስተኛም ነበር። በስልክ ስታወራ እኔ ነበርኩ ከታች ሆኜ የምመልስላት። ግድግዳዬም በሷ የተነሳ ተሰንጥቋል። ግን ልቧ! ልቧ ወርቅ ነበር!»

ያኔ ከባዶው ወንበር ውስጥ ሰለል ያለ ድምፅ ወጣ።

«ግድግዳዎን የሰነጠቀው… የቧንቧው ውሃ ነው።»

እትዬ ሒሳብ ለቅሷቸው ቀጥ አለ። እጃቸው እኔ ላይ እንዳለ ደረቀ።

«ሰማሽ?» አሉኝ።

«እህ» አልኩ ከሹራቡ ውስጥ።

«አንድ መቶ ጊዜ… ነግሬዎታለሁ» አለ ወንበሩ።

«ነፍሷ እንኳ ትከራከራለች!» ብለው ጮኹና ለቀውኝ ሮጡ። በዚያ ዕድሜ እንደዚያ የሚሮጥ ሰው አይቼ አላውቅም። አንድ ጫማቸው ደጃፉ ላይ ቀረ።

ይኼኔ ነው ነገሩ የሆነው። እናቴ መሸሻቸውን ለማየት፣ ተማሪ ወደ ኋላ ሲነዳ እንደምታደርገው፣ በግራ በኩል ዞር ብላ አየች። ትከሻዋ አልተነቃነቀም። አንገቷ ብቻ ነው የዞረው።

«እማዬ!»

«ምን?»

«አንገትሽ!»

ደነገጠች። እንደዞረች ቀረች። ዓይኗ ብቻ ይቅበዘበዛል። «አሁን… እንዴት ነው የምመለሰው?»

«በሄድሽበት ነዋ!»

ቀስ፣ ቀስ እያለች፣ እንቁላል እንደ ተሸከመ ሰው ተመለሰች። የወደቀ ነገር የለም። ሆዷን ዳበሰች፤ ለማረጋገጥ። ከዚያ በቀኝ በኩል ሞከረች። ከዚያ ደግሞ በግራ። ከዚያ ሁለታችንም ሳቅ ያዘን፤ እሷ እያመማት ጉሮሮዋን ይዛ፣ እኔ ድንቹን ከደረቴ እየጠረግሁ።

ደረጃው ላይ ግን ወሬው እየሮጠ ነበር። አባቴ ወንበር ተሸክሞ ሲወጣ የሕንፃው ጥበቃ አቅፎት «እግዜር ያጽናህ፤ ባለቤትህ ሞተች አሉ» ይለዋል። አባቴ ከአሥር ደቂቃ በፊት ትቷት የወጣ ሰው ነው። ወንበሮቹን ለቀቃቸው፤ እስከ ምድር ቤት ድረስ ተንኳኩተው ወረዱ። በክፍቱ በር ዘልሎ ገባና በሕይወት ዘመኔ ሰምቼ በማላውቀው ድምፅ፣

«አለሽ ወይ?!» ብሎ ጮኸ።

መስኮቱ ነዘረ።

«አለሁ፤» አለች እናቴ በሹክሹክታ። «ምን ያስጮህሃል? ሰው ምን ይለናል?»

አባቴ ወለሉ ላይ ቁጭ ብሎ ጉልበቷን ይዞ አለቀሰ። እሷም ጭንቅላቱን እየዳበሰች ቁልቁል አየችው። ቁልቁል ማየትም እንደምትችል ያወቅነው ያኔ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ቀላል ነበር። የአጎቴ ድጋፍ በጨርቁ ተጠቅልሎ ተመለሰላቸው። ፊዚዮቴራፒስቷ ያዘዘችውን ሁሉ እናቴ ጨምራ ትሠራ ጀመር፤ እንዲያውም «ይበቃል፤ ቀስ ይበሉ» የምትባለው እሷ ሆነች። ድምፅዋ ጣቢያ እንደሚፈልግ ራዲዮ መጀመሪያ ሻከረ፣ ከዚያ ተቆራረጠ፣ ከዚያ አንድ ጠዋት ከመታጠቢያ ቤት «ሳሙናው የታለ?» ሲል እኔና አባቴ ከአልጋ ዘለን ተነሳን። በክትትል ቀጠሮዋ አንገቷን ወደ ፊት ደፍታና ወደ ኋላ ቀና አድርጋ ራጅ ተነሳች። ሐኪሙ ሁለቱን ፎቶ ጎን ለጎን አድርጎ ዲስኩ አብሮ ሲንቀሳቀስ አሳያት። አብረውን የመጡት አጎቴ መነጽራቸውን አድርገው ብዙ ጊዜ አዩት።

«የኔስ?» አሉ ሐኪሙን።

«የእርስዎ ደግሞ በደንብ ይዟል፤ ለእርስዎ የሚሆነው እሱ ነበር።»

አጎቴ ረኩ። ሙሉ ሰውነታቸውን አዙረው እያንዳንዳችንን በየተራ አዩን።

ሐኪሙ ሲፈቅድላት ወደ ሥራ ተመለሰች። የመጀመሪያ ተማሪዋ አንድ ግዙፍ የጂም አሠልጣኝ ነበር። ስለ አንገቷ ሰምቶ ኖሮ መሪውን በሁለት እጁ ጨብጦ፣ ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ፣ ከማርሽ አንድ አልወጣ አለ። ብስክሌት ቀደማቸው። ከዘራ የያዙ አዛውንትም ቀደሟቸው፤ ሲያልፉ በመስኮቱ «ተበላሸባችሁ?» ብለው ጠየቁ።

«ምነው ልጄ?» አለችው እናቴ።

«እርስዎ እንዳይንገጫገጩ ብዬ ነው፤ ብሰብርዎትስ?»

ማታ ስትመጣ ጫማዋን አውልቃ ሶፋው ላይ ዘፍ አለች። «ዛሬ ከማርሽ አንድ አልወጣንም፤» አለችን፣ «እሱን ሳባብል ነው የዋልኩት።» ከዚያ ድንች አለ ወይ ብላ ጠየቀች፤ አልነበረም። አባቴ ሊገዛ ወጣ።