ሁለት ጊዜ የለካሁት ትኩሳት

የመንቀሳቀሻው ትእዛዝ የደረሰን ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ የድሬዳዋ ፀሐይ ገና ሳይበርድ ነበር። ደረቁን የደቻቱን ወንዝ በካሚዮን ተሻግረን በጀልዴሳ በኩል ወደ ቆላው ወረድን። እኔ የሻምበል ጦራችን ቁስል አሳሪ ነበርኩ። ፊደል የቆጠርኩት በሃያ ዓመቴ ነውና ከሕክምና መጽሐፌ ያገኘሁትን ሳላዛንፍ መሥራት እወድ ነበር። ወታደሮቹ ስሜን «ሲስተር መጽሐፍ» ብለውት ቀረ።

አንድ ኮረብታ ላይ ሁለት ቀን መሸግን። እንቅልፍ አልነበረም። መትረየስ ተኳሻችን ገዛኸኝ ከካሚዮን ሾፌሮች ያገኘውን እንቅልፍ የሚያባርር ክኒን ይውጣል፤ በላዩ ጫት ይቅማል። አይቼ ዝም አልኩ። እሱ ካንቀላፋ ሁላችንም እንዳለቅን አውቃለሁ።

በሦስተኛው ቀን ንጋት፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ጠላቶቻችን መጡብን። ተኮስን። ሁለት ሰው ወደቀብን። ገዛኸኝ መትረየሱን አልለቀቀም። አራት ሰዓት ላይ ወደ መጡበት ተመለሱ።

ሰባት ሰዓት ላይ ጥይት አቀባዩ አብዲ ጠራኝ። ገዛኸኝ ቋጥኝ ተደግፎ ጥርሱን ያፋጫል፤ ከማይታይ ሰው ጋር ያወራል። አብዲ የድሬ ልጅ ነው፤ እነሱ ሲቅሙ መስኮት ይዘጋሉ፣ ነፋስና ቀዝቃዛ ውሃ ምርቃና ያበላሻል ይላሉ። ስለዚህ የራሱን ካፖርት ደርቦለት፣ ከማለዳ ጀምሮ ውሃ ከልክሎታል።

«ሲስተር፣ ወላሂ አልታመመም፤ መርቅኖ ነው። ሲወርድለት ይተኛል» አለኝ።

ቴርሞሜትሩን ብብቱ ውስጥ ሳስገባ ገላው ጣቴን ፈጀኝ። ሜርኩሪው ከአርባ አንድ አልፎ ጫፍ ደረሰ። አላመንኩም። በዚያ ሐሩር ሳጥን ውስጥ የዋለ ቴርሞሜትር በራሱም ይግላል። በእርጥብ ጨርቅ አቀዘቀዝኩት፣ አራገፍኩት፣ መጽሐፉ ያዘዘውን ደቂቃ በሰዓቴ እየቆጠርኩ እንደገና ለካሁ። ካፖርቱ አሁንም ላዩ ላይ ነው።

ገዛኸኝ አንዴ ዓይኑን ወደ እኔ መለሰ። «ሲስተር መጽሐፍ፣ አንብበሽ አልጨረስሽኝም?»

ሁለተኛውም ያንኑ አሳየ። ያኔ ካፖርቱን ጣልን፣ ሸሚዙን ቀደድን፣ የመጠጥ ውሃችንን በሙሉ አፈሰስንበት፣ በሸራ አራገብንለት። ሰውነቱ እንደ ጣውላ ተገተረ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሞተ። ጥይት አልነካውም።

መቶ አለቃው የሟቾቹን ዝርዝር ሲያስሞላኝ፣ ለገዛኸኝ እናት ስንል ሦስቱም በጥይት ሞቱ ብለሽ ጻፊ አለኝ። በጥይት የሞቱት ሁለት ናቸው አልኩት። በገዛኸኝ ስም አንጻር «ትኩሳት» ብዬ ጻፍኩ። አብዲ ካፖርቱን ሬሳው ላይ መልሶ አልብሶት ነበር።

ከዓመታት በኋላ አንድ ሐኪም አስረዳኝ። እንዲህ ያለው ክኒን ሰውነትን ከውስጥ ያግላል፤ ጫት ሲጨመርበት ይብሳል፤ ድካሙንና ጥሙን ከባለቤቱ ይደብቃል። አስቀድሞ ማቀዝቀዝ ነው፣ መለካት ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ሦስት ሰው ቀበርን። ዝርዝሩ ላይ የጻፍኩት ቃል ስሕተት የለበትም፤ ግን ጎደሎ ነው። ዝም ያልኩበትን ክኒን፣ ካፖርቱንና በሰዓቴ የቆጠርኳቸውን ደቂቃዎች አላሰፈርኩም። እነሆ፣ አሁን ጻፍኳቸው።